ሐምሌ ላይ የሚደርቅ ልብስ

በዚህ ዕትም ስለ ልብስ ማድረቅ እንድጽፍ የተጠየቅሁት በማኅበሩ ቤት ስለተቀመጡት ሁለት ማሽኖች ብዙ ጥያቄ ስለመጣ ነው። አንደኛዋ ለምን አትሠራም? ሁለተኛዋስ ባለፈው ክረምት ለምን ቆማ ነበር? መልሱን በግማሽ ገጽ መጨረስ ይቻል ነበር። ነገር ግን ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ስለኖርኩ ከኋላ ካልተነሣሁ አይሆንልኝም፤ ታገሡኝ።

የአንጋጫ ሰው ክረምትን የሚያውቀው በዝናቡ ብቻ ሳይሆን በልብሱ ሽታም ጭምር ነው። ሰኔ ከገባ ጀምሮ ደመናው ከሐምበሪቾ ተራራ ወርዶ ደጃችን ላይ ይተኛል። ጠዋት የተሰጣ ልብስ ማታ ሲነካ ከጠዋቱ ብዙም አይለይም። ቀጭኑ ነጠላ እንኳ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ጋቢማ አይወራም፤ ድርብርብ ስለሆነ ላዩ የደረቀ መስሎ ውስጡ ውሃ እንደያዘ ይቀራል። ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ከገባ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል።

እናቴ ልብስ የምታጥበው ወንዝ ወርዳ ነበር። ሳሙና በገበያ ቢኖርም በእኛ ቤት የሚገዛው ለበዓል ብቻ ነው። የዘወትሩ እንዶድ ነበር። ፍሬውን አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በውሃ ትበጠብጠዋለች፤ አረፋው ሲነሣ ጋቢውን ነክራ ድንጋይ ላይ በእግሯ ትረግጠዋለች። ከዚያ እኔና እህቴ በሁለት ጫፍ ይዘን በተቃራኒ እንጠመዝዘዋለን። ያኔ የልጅ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከማድረቁ ሥራ ትልቁ ክፍል እሱ ኖሯል። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ። የተጠመዘዘው ልብስ ሣር ላይ ወይም ክትክታ ላይ ይሰጣል፤ እኛ ልጆች ደግሞ ከብት እንዳይረግጠው እንጠብቃለን።

ስለ እንዶድ ካነሣሁ የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ አንድ ነገር ያስተውላሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይገኛሉ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነውና የልብስ አጣቢዋ አረፋ ለበሽታው መከላከያ ሊሆን እንደሚችል ከዚያ ተነሥተው መረመሩ። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት የደከሙበት ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ይገባቸዋል። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን እዚያ ወንዝ ዳር ልብስ ሲረግጡ የነበሩት ሴቶች ማን ማን ይባሉ እንደነበር በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አለማንበቤ ነው። የቤት ሥራ ታሪክ እንዲህ ነው፤ እንዶዱ ስም አለው፤ ቀንድ አውጣው ስም አለው፤ አጣቢዋ ስም የላትም።

የውሃ መንገድ ለእኛ አካባቢ ሴት ልጅ ሸክም ብቻ እንዳልነበረም መመስከር አለብኝ። የከምባታዋ ልጅ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ፣ ኋላ ከእህታቸው ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማን ያቋቋሙት፣ በልጅነታቸው ውሃ ልቅዳ ብለው እየወጡ ፊደል ይቆጥሩ እንደነበር ተናግረዋል። ይህን ስሰማ ፈገግ ብያለሁ። እኛም ልብስ እንጠብቃለን እያልን ስንት ነገር ተጫውተናል፣ ስንት ነገርም ተምረናል።

ሣር ላይ የማይሰጣ ልብስ ግን ነበር። እዚህ ላይ ወንዶች አንባቢዎቻችን ቢያፍሩም እጽፈዋለሁ። የወር አበባ ጨርቅ ፀሐይ አያይም ነበር። በጨለማ ይታጠባል፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከእንጨት ክምር ጀርባ ይደበቃል፣ ክረምት ላይ ጨርሶ ሳይደርቅ ተመልሶ ይለበሳል። የሚያሳክከውን፣ የሚሸተውንና የሚያመውን ሁሉ የሴትነት ዕጣ አድርገን ተቀብለነው ነበር። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ጨርቁን በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት ይላሉ። ትክክል ናቸው። ሐምሌ ላይ ግን የትኛው ፀሐይ? ማኅበራችን ስለ ማድረቅ መነጋገር የጀመረው በዚህ ጥያቄ ነው እንጂ በማሽን አይደለም። ቃለ ጉባኤው ላይ «የልብስ ጉዳይ» ተብሎ በአጭሩ ተጽፏል፤ ጸሐፊዋ እኔ ስለነበርኩ አፍሬ ነው።

ክረምት ላይ የሚቀረው ምድጃው ነው። ከምድጃው በላይ እንጨት ተጋድሞ ልብሱ ይሰቀልበታል። ይደርቃል፤ ጭስ ጭስ ይሸታል እንጂ። በትምህርት ቤት ከደጋ የመጣውን ልጅ በሽታው እንለየው ነበር። አንዳንዴም ጫፉ ተንሸራቶ እሳት ውስጥ ይገባል፤ የእህቴ ብቸኛ የትምህርት ቤት ቀሚስ የሄደው እንዲህ ነው።

ለካ ፈረንጆቹም ከዚሁ ምድጃ ነው የተነሡት። እ.ኤ.አ. በ1800 አካባቢ ፖሾን የተባለ ፈረንሳዊ ቀዳዳ ያለው የብረት ከበሮ ሠርቶ፣ እርጥብ ልብስ ከቶበት፣ እሳት ላይ በእጅ እንዲዞር አደረገ። ልብሱ ጭስ ይሸት ነበር፣ አልፎ አልፎም ያር ነበር። የእኛን ቤት ታሪክ የጻፈልን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1892፣ እኛ 1884 ዓ.ም. ላይ ሳለን፣ ጆርጅ ሳምፕሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በምድጃ አጠገብ ልብስ የሚሰቀልበትን ፍሬም ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በክፍት እሳት ፈንታ የምድጃውን ሙቀት መጠቀሙ ነው ቁም ነገሩ። እናቴ እንጨት ስታጋድም ማንም የፈጠራ መብት አልሰጣትም፤ ቀልዴን ነው።

ዛሬ የምናውቀው በኤሌክትሪክ የሚዞረው ማሽን የመጣው ከሰሜን ዳኮታ፣ ክረምቱ በረዶ ከሆነ አገር ነው። ሮስ ሙር የተባለ ሰው እናቱ በብርድ ውጭ ልብስ ስትሰጣ፣ ልብሱም እንደ ጣውላ ሲደርቅ እያየ አዝኖ መሥራት እንደጀመረ ይነገራል። ብዙ ዓመት ለፍቶ ገዢ ካጣ በኋላ ሃሚልተን የተባለ የዊስኮንሲን ፋብሪካ ሐሳቡን ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ1938 ገበያ አወጣው። መጀመሪያ በሩ ድፍን ነበር። ብሩክስ ስቲቨንስ የተባለ ንድፍ አውጪ ግን ሰው የሚያየውን ነው የሚገዛው ብሎ በሩ ላይ መስታወት አስገባበት። ማሽኑን «የጁን ቀን» ብለው ሰየሙት። በእነሱ አገር ጁን ብሩህ፣ ሞቃት፣ ልብስ ቶሎ የሚደርቅበት ወር ነውና። ጁን ማለት እኮ የእኛ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ነው! አንጋጫ ላይ «የሰኔ ቀን» የሚባል ማድረቂያ ማን ይገዛል?

ከእኛ ወገን ይህን ማሽን ቀድመው ያወቁት ቤት ሠራተኛ ሆነው ወደ ዓረብ አገር የሄዱት ልጆቻችን ናቸው። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫም ወንዱ በብዛት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ሴቷ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ዱባይና ወደ ሳዑዲ ሄዳለች። በማያውቁት ቋንቋ፣ በማያውቁት ቤት፣ የማያውቁትን ማሽን በአንድ ቀን ለመዱ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቆንስላው ደጅ አውርደው ሲሄዱ ዓለም በቴሌቪዥን አየ። በዚያ ዘመን ከተመለሱት አንዷ የማኅበራችን አባል ናት። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ይዛው የመጣችው ገንዘብ ብዙ አልነበረም፤ ይዛው የመጣችውን እውቀት ግን የጠየቃት አልነበረም፤ እኛም ጭምር።

አሁን ወደ ሁለቱ ማሽኖቻችን።

የመጀመሪያዋ ከአሜሪካ በኮንቴይነር የመጣች ስጦታ ናት። የላኩልን ወዳጆች በፍቅር ነው የላኩት፤ እኛም በእልልታ ነው የተቀበልናት። ግን የአሜሪካ ማድረቂያ ከእኛ መብራት ጋር አይግባባም። እዚያ ወደ ማሽኑ የሚገባው እያንዳንዳቸው 120 ቮልት የሆኑ ሁለት መስመሮች ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ 240 ሆነው የማሞቂያውን ሽቦ ያግላሉ፤ ሞተሩና ሰዓት መቁጠሪያው ግን ከአንዱ መስመር ብቻ 120 ይወስዳሉ። የእኛ ቤት ሶኬት አንድ መስመር 220 ነው የሚሰጠው። ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው ብሎ እንዳለ ማገናኘት ማለት 120 ለለመደ ሞተር 220 ማጉረስ ነው። በዚያ ላይ የእነሱ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ የእኛ 50 ጊዜ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ይህን አይለውጥም። ሞተሩ ከሚገባው በስድስተኛ ያነሰ ፍጥነት እየዞረ ይግላል። እኛ ይህን ሳናውቅ ሰካናት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጭስ ወጣ። ስኩት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይወቀስ።

ሁለተኛዋን አዲስ አበባ ሄደን በማኅበሩ ቁጠባ ያገለገለች ገዛን፤ ለ220 ቮልትና ለ50 ተብላ የተሠራች ናት። አራት ወር እንደ ሰዓት ሠራች። የአራሶችን ጨርቅ፣ የሕፃናት ልብስ፣ የአባላትን ጋቢ በየተራ አደረቀች። ከዚያ መዘግየት ጀመረች። በአንድ ዙር ይደርቅ የነበረው ሁለት ዙር ፈለገ። እኛም ሁለት ዙር ሰጠናት፤ ስህተታችን እዚህ ላይ ነበር። አንድ ቀን ከበሮው እየዞረ ሙቀቱ ጭራሽ ጠፋ። የጠራነው ባለሙያ ገና ሳይከፍታት «ሽቦዋ ተቃጥሏል» ብሎ ሽቦውን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት የጠየቀው ገንዘብ የሦስት ወር ቁጠባችንን የሚበላ ነበር። ልንከፍል ስንል ያቺ ከቤይሩት የተመለሰችው እህታችን ከኋላ ተነሥታ፣ «እትዬ፣ መጀመሪያ ቧንቧውን እንየው» አለች።

ማሽኗ የምትሠራው እንዲህ ነው። ከክፍሉ አየር ትስባለች፣ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ በሚግል ሽቦ ታሞቀዋለች፣ በሚዞረው ልብስ ውስጥ ታሳልፈዋለች፣ እርጥቡን አየር ደግሞ በፊልትሮ በኩል ወደ ኋላው ቧንቧ ታወጣዋለች። ከሙቀቱ እኩል የሚያደርቀው የአየሩ መንገድ ነው። አየሩ ካልወጣ እርጥበቱም አይወጣም። ሙቀቱ ደግሞ መሄጃ ሲያጣ ሽቦው ላይ ይከማቻል። ያን ጊዜ እሳት እንዳይነሣ ተብሎ የተቀመጠ ትንሽ የሙቀት ፊውዝ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ መስመሩን ይቆርጣል።

ቧንቧውን ስንነቅል ከውስጡ የወጣው ብናኝ አንድ ትራስ ይሞላ ነበር። ጋቢያችን ነው! በእጅ የተፈተለ ጥጥ ከፋብሪካ ጨርቅ ይልቅ ብዙ ይበናል፤ በተለይ አዲስ ሲሆን። ፊልትሮውን በየሳምንቱ እናጸዳ ነበር፤ እሷ ግን በቤይሩት በየዙሩ ታጸዳ እንደነበር ነገረችን። ቧንቧውን ደግሞ ጭራሽ አላየነውም። ስፒናውን ነቅለን፣ በካቻቢቴ የኋላውን ላሜራ ፈትተን፣ በቴስተር ስንለካ ሽቦው ደህና ነው፤ የተቆረጠው ያ የጣት ጫፍ የምታክል ፊውዝ ናት። ዋጋዋ ከሽቦው ጋር አይወዳደርም። አንዳንድ ሰው ፊውዟን ዘልሎ በሽቦ ቁራጭ ያገናኛታል፤ ማሽኗም ትሠራለች። እንዲህ አታድርጉ። ፊውዟ የተቆረጠችው አየሩ ስለታፈነ ነው፤ እሷን ዘለላችሁ ማለት ቀጥሎ የሚነደው ቤቱ ነው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በልብስ ማድረቂያ ሳቢያ በዓመት ወደ 2,900 የመኖሪያ ቤት ቃጠሎዎች እንደደረሱ መዝግቧል፤ ከመንስኤዎቹ ቀዳሚው፣ 34 በመቶው፣ አለማጽዳት ነው። ፋብሪካው ሳይሆን ብናኙ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ተረኛዋ አባል ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ፊልትሮውን በእጇ ትጠርጋለች። ቧንቧው በወር አንዴ ይነቀላል። ቀድሞ ተጣጥፎ ነበር፤ አሳጥረን ቀጥ አደረግነው፤ አየር በየመታጠፊያው ይደክማልና። ከበሮው ካልዞረና ሞተሩ ግን የሚያጉረመርም ከሆነ ቺንጋው ተበጥሷል ወይም ወጥቷል፤ ጨርሶ ድምፅ ከሌለ በሩ በደንብ መዘጋቱንና ብሬከሩን አስቀድማችሁ እዩ። የሚያንቋቋ ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኪስ የወጣ ሳንቲም ነው፤ አንዴ የደብተር ማሰሪያ ሽቦ አግኝተናል። አንድ ነገር በጣም ልብ በሉ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ በደንብ ሳይታጠብ አይገባም። ቅቤ የተቀባች እናት ሻሽም እንዲሁ። ዘይት ያለበት ጨርቅ ሞቆ ሲከመር በራሱ እየጋለ ሊነድ እንደሚችል የማሽኖቹ መመሪያዎች ሁሉ ያስጠነቅቃሉ። ይህን ስናገር ሁለት እናቶች ተቀይመውኛል፤ ይሁን።

አሁን ወደ ጋቢው መጠምዘዝ ልመለስ። አንድ ሊትር ውሃ ከጨርቅ ላይ አትንኖ ለማስወጣት ወደ 0.65 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሦስት ሊትር ውሃ የያዘ ልብስ ከሆነ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፤ ማሽኗ የምታባክነው ሳይቆጠር። ሁለት ልጆች ጋቢውን ይዘው በደንብ ከጠመዘዙት ከዚያ ውሃ ብዙው በነፃ ይወርዳል። እናቴ ቆጣሪ አታውቅም፤ ሥራውን ግን ታውቅ ነበር። ስለዚህ ደንባችን ውሃው እየተንጠባጠበ የመጣ ልብስ አይቀበልም፤ ደጅ ላይ ተጠምዝዞ ይግባ።

መብራቱስ? ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው ተባለ። በኦሞ ወንዝ ላይ የተኛው ውሃው እስከ ከምባታ፣ ጠምባሮና ሐዲያ ቆላዎች ድረስ ይዘልቃል። ውሃው ከእኛ ቆላ ቅርብ ነው፤ መብራቱ ግን እስከ ደጋው ሲደርስ ይደክመዋል። ምሽት ላይ ምጣዱ ሁሉ ሲሰካ ቴስተራችን 180 ቮልት አሳይቶናል። ሙቀቱ የሚቀንሰው ደግሞ ቮልቱ ከቀነሰው በላይ ነው፤ 180 ላይ ሽቦዋ የምትሰጠው ከሙሉ ሙቀቷ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ማሽኗ ታመመች ብለን ባለሙያ ስንጠራ የነበረው ስንት ጊዜ በዚህ ይሆን? አሁን የምትሠራው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ለጋሾቻችን ሆይ፣ እንዳትቀየሙን በግልጽ ልጻፍላችሁ። ከአሜሪካ ሌላ ማድረቂያ አትላኩልን። ባለፈው ዓመት የላካችሁትን ገንዘብ ያዋልነው ለዳስ ነው። ጣሪያው ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ ነው፤ ዝናቡ አይገባም፤ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ያልፍበታል። ገመዶቹ በክንድ ርቀት ተራርቀው ተወጥረዋል። በአንዱ ጥግ ደግሞ በሸራ የተጋረደ ቦታ አለ፤ ወጣት ሴቶች የሚያሰጡትን ጨርቅ ማንም ሳያይባቸው ነፋስና ብርሃን ያገኛል። የመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልተጠቀመበትም። ሁለተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ አሰጣች። ሐምሌ ሲያልቅ ገመዱ ሞልቶ ሁለተኛ ወጥረናል። ዳሱ ላይ የሰነበተ ጋቢ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሲቀር ብቻ ለሃያ ደቂቃ ወደ ማሽኗ ይገባል።

የማሽኗ ኃላፊ ያቺው እህታችን ናት፤ በወር አበል ተቆርጦላታል፤ ሁለት ልጆችም ታሠለጥናለች። ቴስተሩ እሷ ዘንድ ነው። አሜሪካዊቷን በተመለከተ፣ ሞተሯን ሸጠናል፤ ከበሮዋ ግን ጀርባዋ ላይ ብዙ ቀዳዳ ስላላት አየር ያስገባል፤ ዘንድሮ ለዘር ያስቀመጥነው ድንች እሷ ውስጥ ነው ያለው።